ሰባት ቤት በአንድ ፍላሽ

እንቅልፉማ አይመጣም። ትናንትም አልመጣም፣ ከትናንት ወዲያም አልመጣም፣ ዛሬ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ቆርቆሮው ከላይ እየተንጣጣ ከየት ሊመጣ ነው፤ ፀደይ ግን ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች፣ የተኛ ሰው አይጠየቅም ብላ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ፣ በአያ ኃይለ ማርያም ግቢ ውስጥ የተከራየቻት ክፍል ናት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ መስኮት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንዲት ክብ ብርሃን ትመጣለች ትሄዳለች፣ ጫፏ ቀስተ ደመና የመሰለ፣ ዓይን ቢጨፈንም በቆቡ ላይ ዘልቃ የምታልፍ። እትዬ የትነበርሽ፣ የአያ ባለቤት፣ ብቅል ባሰጡ ቁጥር ለወፍ ማባረሪያ አሮጌ ሲዲዎች በክር ያንጠለጥላሉ፤ ነፋስ ያሽከረክራቸዋል፣ ወፉ ይሸሻል፣ የፀደይ እንቅልፍም አብሮ ይሸሻል። ከትራሷ ሥር ፍላሹ አለ። ፍላሹ ውስጥ የአያ ኃይለ ማርያም አሥራ አንድ ዓመት አለ። ወይም ነበረ። አለ ይሁን ነበረ ይሁን እሷም አታውቅም፣ ሁለት ቀን ያላስተኛትም ይሄው ነው።

አያ ኃይለ ማርያም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሥራቸው ቤት መቁጠር ሆነ። የእንፍራንዝ ሰው ልጁን ሊድር ሲያስብ ሰባት ቤት ሳያስቆጥር አይድርም፣ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ተወጥቶ ልጅቱና ልጁ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ነገሩ እዚያው ይቀራል፤ ዘሩን በቃላቸው የሚያውቁት ሽማግሎች ደግሞ አንድ በአንድ እያለፉ ነው፣ እና አያ በየለቅሶው በየክርስትናው እየዞሩ፣ ሳይሞቱ ደረስሁባቸው እያሉ፣ የነገሯቸውን ሁሉ በላፕቶፓቸው ይጽፋሉ። ሌላው ተከራይ ጋሽ ይላቸዋል። እሷ ከመጣች ቀን ጀምሮ አያ ነው የምትላቸው፣ የትውልድ መንደሯ የድብ ባሕር አፏ ሌላ አላውቅም ብሎ፣ እሳቸውም ወደውላታል፣ እንዲህ የሚለኝ ሰው ጠፍቶ ነበር ብለው። ነገ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎች ይመጣሉ። የሚቆጠረውም የማንም አይደለም፣ የቃልኪዳን ነው፤ የጎረቤት ክፍል ነርሷ ቃልኪዳን፣ ፀደይ ከገጠር የመጣች ሰሞን ማታ ማታ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ሰምታ በሩን ያንኳኳችላት፣ ፀደይ አሁን የያዘችውንም ስልክ የሰጠቻት። ቃልኪዳንና እጮኛዋ ጌትነት ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ሁለቱም የእንፍራንዝ ናቸው፣ ቅርብ ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ወሬ ተነሥቷል፣ ቁርጡን የሚያውቁት እማሆይ ሽታዬ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም አምና ለአያ አስጽፈው በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። አሁን ያ ቃል ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ከሌለስ? አያ ራሳቸው ደጋግመው የሚሉት ነው፣ ያልታወቀ ቤት እንደ ተገናኘ ይቆጠራል። የተጠረጠረ አይጋባም ማለት ነው።

ምነው እጄን በሰበረው። ይሄን ስንት ጊዜ እንዳለችው። ረቡዕ ዕለት አያ ላፕቶፑን ከፍተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ዳዊታቸውን ደግመው ሲመለሱ ገና እየተነሣ ነበር፣ በዚህ ዓይነትማ ሽማግሎቹ እስኪሞቱ አይከፈትም ብለው ሳቁ፣ እሷም ልብሷን እያሰጣች፣ አፏን ማን ከፈተው፣ እኔ እሠራልዎታለሁ አለች። ትችይበታለሽ ወይ አላሏትም። ማን ይጠይቃታል። አምና በመሸኛ ከድብ ባሕር ስትመጣ፣ እዚያ ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ተዘግቶ፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ በእውቀት ትንሿ ሆና፣ ሸጋ ባለች ቁጥር ኋላ ወንበር ላይ ይሳቃል፣ ሶሊያና የምትባለው የከተማ ልጅ ደግሞ ሸጋዋ የሚል ስም አውጥታላት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የላቦራቶሪው ኮምፒውተር አልነሣም አለ፣ ቲቸር ዓለምነው ሆዱን ከፍቶ ማን ይሞክራል ሲል ዝም ሆነ፣ እና እሷ፣ በሙሉ ዓመት አንድ ጊዜ እጇን ያላወጣችው፣ ተነሣች፤ የሜሞሪውን ካርድ ነቀለች፣ ቲቸር አንድ ቀን እንዳሳያቸው ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርጋ መልሳ ሰካችው፣ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሶሊያና ራሷ ዶክተሯ ትላታለች። ከዚያ ወዲህ እጇ ይወጣል፣ ድምፅዋም ይወጣል፣ ስትራመድም እግሯ መሬቱን ይረግጣል። ያ ሁሉ በአንዲት ላጲስ የመጣ ነገር፣ በምን እንደሚሄድ አሁን ይታያት ጀመር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ ሠራችው። ቲቸር ዓለምነው ያስጻፋቸውን በቃሏ ይዛዋለች፣ ፕሮግራም አይገለበጥም፣ እንደገና ይጫናል፣ የሚገለበጠው የሰው ፋይል ነው፣ ከመደምሰሳችሁ በፊት ግን የነበረውን ፕሮግራም አንድ በአንድ በወረቀት ጻፉ። ፋይሉን ወደ ፍላሹ ገለበጠች። ቆጠረችው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ደግማ ቆጠረችው፣ ያው አራት መቶ አሥራ ሁለት። ወረቀቱን አልጻፈችም። ምን ይጻፋል፣ መጻፊያውም ማንበቢያውም አማርኛውም ከትምህርት ቤት በተዋሰችው መጫኛ ላይ አለ፣ አማርኛ እንደሆነ አማርኛ ነው። እና ማሽኑ ሁሉም ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል፣ እርግጠኛ ነኝ ትላለች። አዲሱ ሲስተም እንደ ጥምቀት ልብስ እያብረቀረቀ መጣ፣ በደቂቃ ይነሣል፣ ፋይሎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ የመጀመሪያውን ከፈተች። ሰው የለም። ፊደል የለም። የፈረንጅ ፊደል ከነጥብና ከጭረት ተዘባርቆ ገጹን ሞልቶታል፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሁለተኛውን ከፈተች። አሥረኛውን። አርባኛውን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ሙሉ ሰው፣ አባት ከነልጁ፣ እናት ከነልጇ፣ ሁሉም ያ ጫሪ ዶሮ ገብቶባቸዋል። ቫይረስ ነው? ፍላሹ ነው የበሰበሰ? ኔት ላይ እንዳትፈልግ ኔቱ ከማክሰኞ ጀምሮ የለም፣ ቲቸር ዓለምነው ለለቅሶ ደባርቅ ወጥቷል፣ ስልኩ አይጠራም፣ ቢጠራስ ምን ብላ ልትነግረው ነው።

ሐሙስ ማታ አያ በበሩ ብቅ ብለው ሲጠይቋት እየጫነ ነው አለች። ዓርብ ጧት ለእትዬ ትንሽ ይቀረዋል አለች። ዓርብ ማታ ለአያ ነገ ያልቃል አለች፣ እሳቸውም አይዞሽ፣ አትቸኩይ፣ የተቸኮለ ሥራ ተመልሶ ይመጣል አሏት፣ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቃልኪዳን ለተረኛነት ስትወጣ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፣ ዶክተሯ ታማሚዬን አደራ ብላ ሳቀች። አደራ አለች። ፀደይ ሳቀች። ሰው እንዲህ እየተቃጠለ መሳቅ ይችላል ለካ።

ስልኩ ይጮኻል። እናቷ ታየች ናት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ኔትወርክ ከሚይዝባት ዲብ፣ ከጉብታዋ ላይ ወጥታ፣ በጎረቤት ስልክ። ላታነሣው አሰበች፣ አነሣችው።

«ፀዳ። ምነው ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው፣ እማዬ።»

እናቷ ስለ ገብሱ አጨዳ ታወራለች፣ ደቦ ጠርታ ሰው እንደወጣላት፣ የላይኛው ማሳ እንደቀረ፣ ፀደይ ብትኖር ኖሮ አትልም፣ አንድም ቀን ብላ አታውቅም፣ ባላለች ቁጥር ግን ፀደይ ትሰማዋለች። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሽተኛ እንደሚጠየቅ፣ ያ የታመመው ዕቃስ ተሻለው ወይ አለች። ረቡዕ ነግራት ነበር፣ ጉራዋን። ድኗል፣ እማዬ፣ አለች ፀደይ። እናቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ የኔ ልጅ ማሽን ታክማለች ብዬ ለቄሱ ሳይቀር ነግሬያለሁ አለች፣ ሳንቲሙ አለቀ መሰለኝ ስትል ተቋረጠ። ፀደይ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። አራት ሰው ዋሽታ ነበር፣ አሁን አምስት ሆነ፤ አያ፣ እትዬ፣ ቃልኪዳን፣ እናቷ፣ ደግሞ ራሷ።

ድብ ባሕር ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጎታው ከወገቧ በላይ ነው፣ ጭቃው የበግ ጠረን አለው፣ ከግርጌው እህል የሚወጣባት ቀዳዳ በጨርቅ ውታፍ ተወትፋለች፣ እሷ ደግሞ ውታፉን ለአሻንጉሊት ራስ ፈልጋዋለች፣ ነቀለችው፣ ገብሱ ፍስስ አለ፣ በእጇ መለሰችው፣ ቀዳዳዋን በቅጠል ደፈነችና ዝም አለች። የዘር ገብስ ነው። በማግስቱ ቅጠሉ ረገፈ፣ አየችው፣ ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን አይጥ ሲገባ አየች፣ ዝም አለች፣ ያኔም ማታ ማታ አልተኛችም፣ ያኔም ፊቷን ወደ ግድግዳ ነበር የምታዞረው። በሳምንቱ እናቷ ለመዝራት ስትከፍተው ግማሹ የለም፣ የቀረውም የአይጥ ኩስ ገብቶበታል። አልመታቻትም። ቁጭ ብላ ገብሱን በመዳፏ እያነሣች እያፈሰሰች ነበር። ከዚያ አንዲት ነገር ብቻ አለች።

«የወጣ ዕለት ብትነግሪኝ አንድ ቁና ነበር የሚጎድለው።»

ክቧ ብርሃን በግድግዳው ላይ አለፈች። ፀደይ ተነሣች። ፍላሹን በእጇ ጨብጣ ነጠላ ጫማዋን ያለግራ ያለቀኝ አጥልቃ ወጣች፣ ግቢው አሥር እርምጃ ነው፣ ዛሬ ግን ከድብ ባሕር ጎንደር ካለው መንገድ ይረዝማል። አያ ኃይለ ማርያም ጥላው ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ። እትዬ የትነበርሽ ተንበርክከው ብቅሉን በእጃቸው ያገላብጣሉ። ልመለስ? አሁንም መመለስ ይቻላል። ነገ ጧት ልንገራቸው? ከቅዳሴ በፊት? ቅጠሉ ረግፏል እኮ፣ አንቺ ልጅ፣ አይጡ ገብቷል።

«አያ።»

«ወይ።»

«ዋሽቼዎታለሁ። ላፕቶፑ ሐሙስ ነው ያለቀው። ጽሑፍዎ ሁሉ ተበላሽቷል። የእማሆይ ሽታዬም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

የእትዬ የትነበርሽ እጅ ብቅሉ ውስጥ ቆመ። አያ መነጽራቸውን አነሡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አየር ላይ ከፍ አድርገው አዩት፣ እንደገና ጠረጉት፣ ፀደይ የዚያን መነጽር መጠረግ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም።

«አምጭው እስቲ» አሉ።

ላፕቶፑን አመጣችው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችው፣ ከፈተችው። አያ ተጎንብሰው የዶሮውን ጭረት አዩ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ እንደሚያነቡት ሁሉ። ወደ ታች ወረዱ። ቆዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ሊያለቅሱ ነው ብላ አሰበች፣ እትዬም ይህንኑ ሳያስቡ አልቀሩም፣ ተነሥተው መጡ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ አያ።

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዷት። ፍርድ ቤት እያሉ ውሳኔ ጽፈው በዲስኬት ወደ ሌላ ቢሮ ሲልኩ እንዲህ ሆኖ ይገኝ ነበር፣ አንድ ጊዜማ ዳኛው የተፈረደበትን ሰው ስም ማንበብ አቅቷቸው ችሎት አቋርጠዋል። እሳቸው የሚጽፉበት ፕሮግራም የድሮ ነው፣ ኮምፒውተር አማርኛ ሳያውቅ በፊት የተሠራ፤ ከሥር የሚያስቀምጠው የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ከላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ልብሱ ፕሮግራሙ ላይ ነው ያለው። ፕሮግራሙ ሲጠፋ ልብሱ ይጠፋል፣ ገላው ግን እንዳለ አለ። ፀደይ አፏን ከፍታ ትሰማለች። አማርኛ የሌለው ኮምፒውተር ሊኖር እንደሚችል አንድም ቀን አስባ አታውቅም፣ እሷ ስትወለድ አማርኛው ስልኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የጠበቃት።

«ሰዎቹ አልሞቱም። ራቁታቸውን ነው ያስቀረሻቸው» አሉ አያ፣ እና አሁን ወደ እሷ ዞሩ፣ «ምነው ሐሙስ አልነገርሽኝ?»

መልስ አልጠበቁም። የፕሮግራሙ ሲዲ ያስፈልጋል፣ አሉ፣ ጡረታ ስወጣ ከቢሮ የሰጡኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሚስታቸውን የት እንዳስቀመጡት ጠየቁ፣ ሚስታቸው ግን አጠገባቸው ቆመዋል፣ ቀና ብለው ብቻ ያያሉ። አያም ቀና አሉ። ፀደይም። ከብቅሉ በላይ ሦስት ሲዲ በክር ታስሮ ይሽከረከራል፣ የመካከለኛው ጀርባ ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው ቀይ ጽሑፍ አለ።

«የልጆቹ ሰርግ ሲዲ መስሎኝ ነው» አሉ እትዬ የትነበርሽ። ብቅሉን እያዩ ደግሞ፣ «ወፎቹማ ሸጋ አድርገው ፈርተውት ነበር።»

ፀደይ ወንበር ላይ ወጥታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗ ላይ ስታልፍ የነበረችው ያቺ ብርሃን እጇ ውስጥ ገባች፣ ሞቃለች፣ ጠርዟ ተጭሯል፣ ጀርባዋ ላይ ወፍ ቀዝናባታለች። በሳሙና አጠበቻት፣ በነጠላዋ አደረቀቻት፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ እንደተማረችው። ማሽኑ ሲዲውን ዋጠና አጓራ። ይጫን ይላል፣ ይጫን። አሥር በመቶ። ሠላሳ። አያ በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ስልሳ። ሰማንያ ሰባት ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ማንበብ አልቻልሁም አለ። ደግማ ሞከረች፣ አሁን ስልሳ አንድ ላይ ቆመ። ሦስተኛው ጊዜ ከናካቴው አልጀምርም አለ። አበቃ። ነገ ሽማግሎቹ ከቅዳሴ መልስ በዚያ በር ይገባሉ፣ ቃልኪዳን ነጭ ለብሳ ቡናማው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እና ያልታወቀ ቤት እንደ ተገናኘ ይቆጠራል። ቆይ። ቆይ እስቲ። ፕሮግራሙ ይሙት፣ የምንፈልገው ልብሱን ነው አላሉም? ሲዲውን ሳትጭነው እንደ ማንኛውም ፎልደር ከፈተችው፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ከአንዱ ፎልደር ወደ አንዱ፣ አንዳንዱ አይከፈትም፣ የተጫረው ቦታ ነው፣ አንዱ ግን ተከፈተ፣ ፎንት ይላል፣ ሁለት ትንንሽ ፋይሎች አሉበት። ገለበጠቻቸው። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛው ተንጠለጠለ፣ ማሽኑ አቃሰተ፣ አለፈ። ሰነዱን ዘግታ ከፈተችው።

ለብሰው መጡ። አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ አባት ከነልጁ፣ ተደርድረው፣ ስም በስም ላይ።

አያ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ዓይኔ አይረጋም፣ አንቺ አንብቢው አሏት። የእማሆይ ሽታዬን ቃል አወጣች። በግራ እጇ የቃልኪዳንን፣ በቀኝ እጇ የጌትነትን እያጠፈች ወደ ላይ ወጣች፣ አንደኛ ቤት፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ የአያት ስም በመጣ ቁጥር ግራዋን ከቀኟ ታስተያያለች፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ላይ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ስም አለ፣ ቀና አለች፣ አያ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ የቆላው ነው፣ ቀጥይ አሉ። ስድስተኛ። ሰባተኛ።

«ሰባቱ አለቁ?»

«አለቁ። ስምንተኛዋ ላይ ወለተሩፋኤል የምትባል... እሷ ላይ ይገናኛሉ።»

«እሷን ተያት» አሉ አያ። «እሷ የሁላችንም ናት።»

ነገ ሽማግሎቹ ፊት እስኪነገር ድረስ ከአፏ እንዳይወጣ አስጠነቀቋት፣ ለቃልኪዳንም ቢሆን። ከዚያ አዲስ ስም ሊጨምሩ ሁለት እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ፊደሎቹ ላይ ጣሉ፣ ጣቶቻቸው ሳያዩ ሮጡ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው፣ ትርጉም የሌለው። መጻፊያው አልተነሣም፣ የተነሣው ማንበቢያው ብቻ ነው። ሃያ ዓመት የለመዱት የፊደል አቀማመጥ ሲዲው ላይ ተጭሮ ቀርቷል። አያ እጃቸውን አንሥተው አዩት። ጣቶቼ በስተርጅና አንደኛ ክፍል ሊገቡ ነው አሉ፣ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየችውም። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን በአዲሱ አማርኛ እንደገና የምትጽፈው እሷ ናት፣ ማንም አላዘዛትም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እስከ ሰኔ ሳያደርሳት አይቀርም። ከሁሉ አስቀድማ ግን ወረቀት አወጣችና ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፕሮግራም አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ጻፈች። ከውጭ እትዬ የትነበርሽ እሽ እሽ ይላሉ፣ ወፎቹ መካከለኛው ሲዲ መነሣቱን አይተው ብቅሉ ላይ ወርደዋል።

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ደወለች፣ ወደ እናቷ ጎረቤት ስልክ፣ ታየችን ጥሩልኝ ብላ፣ እናቷ ዲቡን እስክትወጣ ጠበቀች። መጀመሪያ የመጣው ነፋሱ ነው፣ ከዚያ ትንፋሿ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ ቅድም ዋሽቼሽ ነበር። የሰውየውን ዕቃ አበላሽቼው ነበር። ዛሬ ነገርኋቸው።»

ነፋሱ ነፈሰ። ፀደይ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ጫነችው፣ መዳፍ ሙሉ ገብስ ሲነሣ ሲፈስ የሰማች መሰላት።

«ስንት ቁና ጎደለ?»

ፀደይ የአያን ጣቶች አሰበች፣ አየር ላይ ተነሥተው የቀሩትን።

«አንድ ቁና።»

«እንዲያ ከሆነ ሸጋ ነው» አለች ታየች። «በይ ተኚ አሁን።»